ጦጣ ሞታ ብናገኝ ለማን እንደውል?

ይድረስ ለሕብረተሰብ ጤና፣ ለእንስሳት ጤና እና ለዱር እንስሳት ጥበቃ ኃላፊዎች፣

እንደምን ሰነበታችሁ? ጥያቄዬ አንድ ናት። ጫካ ውስጥ ወይም መንገድ ዳር በምን እንደሞተ የማይታወቅ ጦጣ፣ ዝንጀሮ፣ ጉሬዛ ወይም ጭላዳ ያየ ሰው ለማን ይደውል? ቁጥሩ ስንት ነው? ስልኩን ያነሳው ሰውስ ቀጥሎ ምን ያደርጋል?

እኔ ፒያሳ የምኖር አስጎብኚ ነኝ። ሥራዬ እንግዳ ይዞ መዞር ነው፤ ደብረ ሊባኖስ፣ አዋሽ፣ ሐዋሳ፣ ባሌ፣ መንገዱ ሲፈቅድ ሰሜን ተራሮች። ሐኪም አይደለሁም። ግን ዝንጀሮና ጦጣ በማየት ቢሮ ከተቀመጠ ሰው ሳልበልጥ አልቀርም። ሾፌሩ፣ ስካውቱ (የፓርክ ጠባቂው)፣ የሎጅ ዘበኛው፣ እረኛው፣ እንጦጦ ቅጠል የሚለቅሙት እናቶች ሁሉ በየቀኑ ያያሉ። የሚያዩትን የሚመዘግብላቸው ግን የለም።

ለመንገር ሞክሬ ነበር እኮ። አንድ ክረምት ላይ ከስምጥ ሸለቆ ስንመለስ ዛፍ ሥር የሞቱ ጦጣዎች አየን። መኪና የገጫቸው አይመስሉም፤ ከአስፋልቱ ራቅ ብለው ነው የወደቁት፣ አንዷ ከነልጇ። እንግዶቼ ፎቶ አነሱ፣ እኔ ስልክ መምታት ጀመርኩ። የመጀመሪያው መሥሪያ ቤት (ስሙን አልጠራም፣ ማንንም ለማሳጣት አይደለም የምጽፈው) "ፓርክ ውስጥ ነው?" አለኝ። አይደለም። "እንግዲያው እኛን አይመለከትም" ብሎ ወደ ሌላ መራኝ። እዚያ ያነሳችው ልጅ በጣም ትሁት ናት። "ጋሼ፣ እኛ እኮ ከብት፣ በግና ፍየል፣ ዶሮ ነው የምንከታተለው" አለችኝ። ቀጥሎ የጤናዎቹ። "የታመመ ሰው አለ?" የለም። "ሰው ሲታመም ይደውሉ።"

ማንም አልሰደበኝም፣ ማንም ጆሮዬ ላይ አልዘጋም። እያንዳንዱ በተሰጠው ሥራ ልክ መልሶልኛል። ጦጣዎቹን ግን ማታ ጅብ በላቸው፣ በምን እንደሞቱም ዛሬ ድረስ የሚያውቅ የለም። በመርዝ ሊሆን ይችላል። በሽታም ሊሆን ይችላል።

ከሁሉም ያልወጣችልኝ ያቺ "ሰው ሲታመም ይደውሉ" የምትለዋ ናት። ምክንያቱም ይሄ ነገር ሰው ከታመመ በኋላ የሚደወልበት ብቻ አይደለም። ሰው ከመታመሙ በፊት የሚደወልበት ነው ቁም ነገሩ።

ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ በእኛ ስጽፍ እናገራለሁ። ከ2001 እስከ 2003 ጋቦንና ኮንጎ ብራዛቪል ድንበር ላይ ኢቦላ ሲነሳ መነሻው በተደጋጋሚ አንድ ዓይነት ነበር። አዳኝ ጫካ ውስጥ ሞቶ የወደቀ ጎሪላ ወይም ቺምፓንዚ ያገኛል፣ ሥጋ ነው ብሎ ይበልታል፣ ቤተሰቡን ያስይዛል። በጊዜው የሞቱ እንስሳትን የሚያሳውቅ አንድ መረብ ተዘረጋ። የመንደር ሰዎችና የጫካ ጠባቂዎች ሬሳ ሲያዩ ይናገራሉ፣ የሠለጠነ ቡድን ሄዶ ናሙና ይወስዳል፣ ላብራቶሪ ያየዋል። በዚህ አሠራር የሰው ወረርሽኝ ከመፈንዳቱ በፊት ሁለት ጊዜ የጤና ባለሥልጣናትን ማስጠንቀቅ ተችሏል። በኋላ የወጣ ጥናት ደግሞ ሎሲ በሚባለው የኮንጎ ጥብቅ ሥፍራና አካባቢው ብቻ ወደ 5,000 ጎሪላ በኢቦላ ሳያልቅ እንዳልቀረ ገመተ። አስቡት፣ ያን ያህል ጎሪላ ሲያልቅ አብዛኛውን ያየው ሰው የለም።

ብራዚልን ደግሞ ተመልከቱ። እዚያ የሞተ ጦጣ ያየ ሰው ለጤና ቢሮ ይናገራል፣ የሚመዘገብ ጉዳይ ነው፣ በስልክ መተግበሪያ ፎቶና ቦታውን መላክም ይቻላል። ከ2016 መጨረሻ ጀምሮ ቢጫ ወባ ወደ ትልልቆቹ ከተሞች ሲጠጋ ጫካው ውስጥ እንደ ቅጠል የረገፉት ጦጣዎች ነበሩ የበሽታውን መንገድ ያሳዩት። ክትባቱ ቀጥሎ የት መሄድ እንዳለበት የሚታየው ከሬሳው ነበር። እንዲያም ሆኖ ከ2,000 በላይ ሰው ታሞ ከ700 በላይ ሞቷል። ያ ማስጠንቀቂያ ባይኖር ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር እናንተ ከእኔ የተሻለ ታውቃላችሁ።

እዚህ ላይ "የእኛም እንደ ብራዚል ይሁን" ብዬ ብጨርስ ደስ ባለኝ። ነገሩ ግን እንደዚያ ቀላል አይደለም። የብራዚል ጦጣ በቢጫ ወባ የሚሞተው በሽታው ለእሱ እንግዳ ስለሆነ ነው፤ ቫይረሱ ከአፍሪካ በባሪያ ንግድ መርከብ ተጭኖ የሄደ ነው። የእኛዎቹ ከበሽታው ጋር አብረው የኖሩ ናቸው። ጉሬዛው ወይም ዝንጀሮው ይያዛል፣ ለጥቂት ቀን ቫይረሱ ደሙ ውስጥ ይዞራል፣ ትንኝ ትወስድለታለች፣ እሱ ግን ምንም ሳይመስለው ቅጠሉን እየበላ ይቀጥላል። ስለዚህ በእኛ አገር ቢጫ ወባ ጫካ ውስጥ ሲንቀሳቀስ መሬት ላይ የሚወድቅ ምልክት አታገኙም። ሬሳ ካልታየ ሰላም ነው ማለት አይደለም ማለት ነው። ለዚህኛው በሽታ ስልክ ብቻውን አይበቃም፣ ሄዶ ደም ማየትና ትንኝ ማጥመድ ያስፈልጋል።

እና ይሄ ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ከ1960 እስከ 1962 ኦሞ ሸለቆና አካባቢው ላይ የተነሳው ቢጫ ወባ ወደ 100,000 ሰው አጥቅቶ ወደ 30,000 ገደለ ተብሎ ይገመታል። አፍሪካ ውስጥ ከተመዘገቡት ሁሉ የከፋው ነው። ብዙ ሰው ይሄን ታሪክ አያውቀውም፣ እኔም ጂንካ መመላለስ ከጀመርኩ በኋላ ነው ያወቅኩት። ያኔ እዚሁ አዲስ አበባ ከነበረው የኢትዮጵያ ፓስተር ኢንስቲትዩት የተነሱ ተመራማሪዎች በሽታው ባለበት አገር እየዞሩ የሰውን ብቻ ሳይሆን የዱር እንስሳትንም ደም መረመሩ። ጦጣና ዝንጀሮዎቹ ቫይረሱ አግኝቷቸው እንደነበር የሚያሳይ አንቲቦዲ ተገኘባቸው። ትንኞቹንም አጠኑ። አንደኛዋ ትንኝ የምትራባው የእንሰቱ ቅጠል ከግንዱ ጋር በሚገናኝበት ጉድጓድ ውስጥ በሚያቁር ውሃ ላይ ነው። እንሰቱ ደግሞ ጓሮ ነው ያለው። ጦጣው ከጫካው ወጥቶ ጓሮ ይገባል፣ ትንኟ እሱንም ባለቤቱንም ትነክሳለች። ያ ሁሉ የተሠራው መንገድ በሌለበት፣ ኮምፒውተር በሌለበት፣ ሞባይል በሌለበት ዘመን ነው። ዛሬ ያለን ላብራቶሪ ከዚያኛው በስንት እጥፍ ይበልጣል!

በሽታውም አልሄደም። 2013 ደቡብ ኦሞ ታየ። 2018 ወላይታ። 2020 ደግሞ ጉራጌ ዞን። ለመስቀል መርካቶ ጭር ስትል ሰዉ ሁሉ የት እንደሚሄድ ታውቃላችሁ አይደል? እንሰት ጓሮ ያለበት አገሩ ነው የሚገባው፣ ከሳምንት ሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ ተመልሶ ሱቁን ይከፍታል። ቢጫ ወባ ማለት ቦሌ ላይ ከፓስፖርት ጋር የሚታይ ቢጫ ካርድ ብቻ የሚመስለን የመሀል ከተማ ሰዎች ይሄን ብናስበው ጥሩ ነው። ክትባቱ አንድ ጊዜ ከተወሰደ ዕድሜ ልክ ይከላከላል። ችግሩ ክትባት መኖሩ ላይ አይደለም፣ ወዴት ቀድሞ መሄድ እንዳለበት ማወቁ ላይ ነው።

ከዚያ ማርበርግ የሚባለው ገዳይ የቫይረስ በሽታ መጣ። ኅዳር 2018 በእኛ አቆጣጠር ጂንካ ላይ መገኘቱ ሲነገር ለእኛ ለአስጎብኚዎች ድንጋጤው የቅርብ ነበር፤ ጂንካ ማደሪያችን ናት። ስሙን ያገኘው ከአንድ የጀርመን ከተማ ነው። በ1967 ለክትባት ሥራ ከኡጋንዳ በአውሮፕላን የተጫኑ ጦጣዎች ማርበርግ፣ ፍራንክፈርትና ቤልግሬድ ደረሱ፣ በእነሱ የሠሩ የላብራቶሪ ሠራተኞችና ያስታመሟቸው ሰዎች ታመሙ፤ 31 ተይዘው 7 ሞቱ። ጦጣዎቹ ሶደሬ ላይ ሳንዊች የምትቀማን ጦጣ የቅርብ ዘመዶች ናቸው። ግን እነሱም እንደ ሰዎቹ የበሽታው ሰለባ ነበሩ እንጂ ምንጩ አልነበሩም። የማርበርግ ቫይረስ መኖሪያ ዋሻ ውስጥ የሚያድር ፍራፍሬ በል የሌሊት ወፍ መሆኑ የታወቀው ከአርባ ዓመት ገደማ በኋላ፣ እዚያው ኡጋንዳ የማዕድን ጉድጓድ ውስጥ በተደረገ ጥናት ነው።

ሶደሬን ካነሳሁ አይቀር ወደሱ ልግባ። ሶደሬ ሄዶ ጦጣ ያልቀማው አዲስ አበቤ አለ? ሐዋሳ አሞራ ገደል ጉሬዛው ከእጃችን ነው የሚበላው። ጅቡቲ መንገድ ላይ ሾፌሮች ለዝንጀሮ ዳቦ ይወረውራሉ። ልጅ የነከሰውን ሙዝ ለጦጣ ይሰጣል፣ ጦጣዋ ልጣጩን ትታ የልጁን ብስኩት ትነጥቃለች፣ አባት በስልክ ይቀርጻል፣ ሁሉም ይስቃል። እንግዶቼን "አትመግቡ" ስላቸው "አንተ ደግሞ ምን ሆነሃል" ዓይነት አስተያየት ያዩኛል። የሚያስፈራው ደግሞ ከጦጣ ወደ እኛ የሚመጣው ብቻ አይደለም። ከእኛ ወደ እነሱ የሚሄደውም እኩል ያስፈራል። በ1966 ታንዛኒያ ጎምቤ ውስጥ ቺምፓንዚዎች ሽባ እየሆኑ ሞቱ፤ በአካባቢው ሰዎች ላይ ከነበረው ፖሊዮ የተያዙ ናቸው ተብሎ ይታመናል። በ2013 ኡጋንዳ ኪባሌ ጫካ 56 ቺምፓንዚ ካለበት አንድ መንጋ 5ቱን የገደለው ሰው ላይ ተራ ጉንፋን የሚያመጣ ራይኖቫይረስ ነው። ልጆቻችንን አፍንጫቸውን የሚያዝረከርክ ማለት ነው፣ ሌላ አይደለም! እዚያው ጫካ ውስጥ በ2017 መጀመሪያ ሌላ መንጋ ላይ የሰው የመተንፈሻ ቫይረስ ገብቶ 25 ሞቱ።

ለዚህ ነው የተራራ ጎሪላ ለማየት ሩዋንዳ ወይም ኡጋንዳ የሄደ ሰው ጉንፋን ከያዘው እንዳይገባ የሚደረገው። ድሮ 7 ሜትር የነበረው ርቀት ከኮቪድ በኋላ 10 ሜትር ሆኗል፣ ማስክ ይደረጋል፣ በተለመደው ጉብኝት ከአንድ ሰዓት በላይ አይቆይም። እኛ ዘንድስ? ጭላዳ ከኢትዮጵያ ውጪ በዱር የትም አይገኝም፣ የዓለም ሰው ለእሱ ብሎ ነው የሚመጣው። እኛም እንግዳውን መንጋው መሀል አስቀምጠን፣ ጭላዳው ጫማው ሥር ሣር ሲነጭ ፎቶ እናነሳለን። ጉርሻው የሚገኘው ከዚህ ነው፣ አልዋሽም። ስለዚህ "አስጎብኚዎች ራሳችሁ አስከብሩ" ብላችሁ አትተዉት። እንግዳው አጠገብ ካላደረስኩት ሌላ የሚያደርሰው ይቀጥራል። ሕጉ ከላይ መጥቶ ሁላችንንም እኩል ከያዘን ግን ማንም አይጎዳም።

ጓደኞቼ ማኪያቶ ላይ ይሄን ሳወራ "ስንት የሰው ችግር ባለበት አገር የጦጣ ጉንፋን!" ይሉኛል። እሺ፣ ለጦጣ ግድ የለንም እንበል። ኤችአይቪ የተነሳው ከካሜሩን ደቡብ ምሥራቅ ጫካ ቺምፓንዚ ነው፤ ወደ ሰው የገባው ከመቶ ዓመት በፊት ገደማ፣ ምናልባት አዳኝ ሥጋ ሲበልት። ያን ጊዜ ያ ጉዳይ የአንድ መንደር ጉዳይ ነበር። (የእኛም ጦጣዎች የራሳቸው የሆነ የዚህ ቫይረስ ዘመድ አላቸው፤ እነሱን አያሳምማቸውም። ሙዝ የተቀማ ሰው እንዳይደነግጥ፣ በሙዝ አይተላለፍም።) የኤችአይቪን ምንጭ ያገኙት ተመራማሪዎች ደግሞ አንድም ቺምፓንዚ አላጠመዱም፣ አላደነዘዙም። ከጫካው መሬት የተሰበሰበ ዓይነ ምድር ነው የመረመሩት። ይሄን የምለው "የዱር እንስሳ ናሙና ውድ ነው" የሚል መልስ እንደሚመጣ ስለማውቅ ነው። ሁሉም ቫይረስ በዚህ መንገድ አይገኝም፤ ለአንዳንዱ ግን ሥልጠና ያገኘ ስካውት፣ ጓንትና ቱቦ ይበቃል።

አገር ውስጥም ምሳሌ አለን። ባሌ ላይ ቀይ ቀበሮ በእብድ ውሻ በሽታ ሲያልቅ የታወቀው የሚከታተለው ሰው ስለነበረ ነው። ስካውቶቹ መንጋውን በየጊዜው ይከታተላሉ፣ ሬሳ ሲገኝ ናሙና ይላካል፣ ውጤት ሲመጣ ክትባት ይገባል። ለቀይ ቀበሮ የተቻለው ለጉሬዛና ለጦጣ የማይቻልበት ምክንያት አይታየኝም። እንዲያውም ጦጣ ከሰው ጋር ነው የሚውለው፤ ከፒያሳ ቀና ስንል የምናየው የእንጦጦ ጫካ ውስጥ እንኳ አለ።

አንድ የምፈራው ነገር አለ። ነገ ይሄ ሥራ ተጀምሮ "ጦጣ ላይ ቫይረስ ተገኘ" የሚል ዜና ፌስቡክ ላይ ቢወጣ፣ ከነገ ወዲያ ዱላ ይዞ የሚወጣ አይጠፋም። ብራዚል ውስጥ በቢጫ ወባው ጊዜ ሰዎች ጦጣዎችን ቀጥቅጠው ገድለዋል፣ በመርዝም ፈጅተዋል፤ በ2022 ደግሞ በኤምፖክስ በሽታ ምክንያት እንደገና። ጦጣን መግደል ቢጫ ወባን አያቆምም፣ ቫይረሱን ይዛ የምትዞረው ትንኟ ናት። ኤምፖክስም ቢሆን የ2022ቱ ስርጭት ከሰው ወደ ሰው ነበር፣ በዱር ውስጥም በዋናነት የሚጠረጠሩት አይጥና የአይጥ ዘመዶች ናቸው። እኛ ግን ኤምፖክስን ዛሬም "የዝንጀሮ ፈንጣጣ" እያልን ነው የምናወራው። ስለዚህ መግለጫ ስትሰጡ የመጀመሪያው አረፍተ ነገር "አትግደሏቸው" የሚል ይሁን፣ መጨረሻ ላይ በትንሽ ፊደል አታስገቡት።

እንግዲህ የምጠይቀው ይሄው ነው። አዲስ መሥሪያ ቤት አቋቁሙ አላልኩም፣ ቢሮ በዝቶብናል። የሰው፣ የእንስሳትና የአካባቢ ጤናን በአንድ ላይ የሚያይ "አንድ ጤና" የሚባል አሠራር ወረቀት ላይ አላችሁ፣ ስለሱ ሆቴል ውስጥ ዓውደ ጥናት ሲደረግ ባነሩን አልፌ አይቻለሁ። ያ አሠራር ስልክ ያንሳ። ሕዝቡ በኮቪድ ጊዜ በቃሉ የያዛት የስልክ ቁጥር 8335 አለች፤ እሷ ላይ ለዱር እንስሳት ሞት አንድ ምርጫ ይጨመርባት። የሚደውለው ሰው ፓርክ ውስጥም ሆነ ውጪ መሆኑ አይጠየቅ። ፎቶ የሚላክበት የቴሌግራም አድራሻ ይኑራት። ያነሳው ሰው "አትንካው፣ ልጅና ውሻ አታስጠጋ፣ ቦታውን ላክልኝ" ይበል፤ ይቺ ብቻ እንኳ ነፍስ ታድናለች። በ1994 ኮትዲቯር ታይ ጫካ ውስጥ የሞተ ቺምፓንዚ የመረመረች ተመራማሪ ባለሙያ ሆና ነው ኢቦላ የያዛት፣ ደግነቱ ተረፈች። የኛ እረኛ ባዶ እጁን ነው። በመጨረሻ፣ ናሙና ከተወሰደ ውጤቱ ለደወለው ሰው ይነገር። አንድ ጊዜ ደውሎ መልስ ያጣ ሰው ሁለተኛ አይደውልም።

ከስልኩ ጎን ለጎን ደግሞ እነዚያ የድሮዎቹ ተመራማሪዎች የጀመሩት ይቀጥል። በየጥቂት ዓመቱ ኦሞ፣ ወላይታ፣ ጉራጌና ጋምቤላ ላይ የጦጣና የዝንጀሮ ደም፣ የጓሮና የጫካ ትንኝ ይታይ፣ ውጤቱም ተራው ሰው በሚገባው አማርኛና በየአካባቢው ቋንቋ ይውጣ።

ቁጥሩ ሲዘጋጅ ለአስጎብኚና ለሾፌር ማኅበራት ላኩልን። በየመኪናው መስታወት ላይ እንለጥፋለን፣ ለየሎጁ ዘበኛም እኛው እናዳርሳለን። የስቲከሩን ወጪ ከፈለጋችሁ እኛ እንችላለን። መልሳችሁን በዚሁ በአደባባይ ብትሰጡን ደስ ይለናል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አስጎብኚ፣ ከፒያሳ